በከተራ ዕለት ያልተየብኩት ቁጥር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው አረፈ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ለቅዳሴ ማርፈዴን እዘረዝራለሁ። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ነበረ። ሌላው ሁሉ የዚያ መሸፈኛ ነበር።

እናንተ የምታነቡት ካህን አይደላችሁም። ግን ጻፊው የተባልኩት በወረቀት ነውና ለእናንተ እናገራለሁ። ሲያልቅ ታዝኑልኛላችሁ ብዬ አይደለም።

ታይፒስት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ በነበረ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ጊዜው ደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን የግድቦችን ጉዳይ ይከታተል ነበር። ደረጃው የእንጨት ስለነበረ ማን እንደመጣ ከእርምጃው እንለይ ነበር። እኔ ከግድቦቹ አንዱንም አይቼ አላውቅም። ለእኔ ግድብ ማለት በየወሩ በፖስታ የሚመጣ የቁጥር ወረቀት ነበር።

ከነዚህ ግድቦች አንዱ፣ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ያለው፣ አርማታው መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። በየስንጥቁ ግራና ቀኝ የነሐስ ሚስማር ተተክሎበታል። አቶ ደምሴ የሚባሉ ሠራተኛ በየወሩ በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የውሃ ማስወጫው የብረት በር ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቀም ይለካሉ። የሚለኩት ሁልጊዜ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ምክንያቱን አንድ ጊዜ በወረቀታቸው ጥግ ላይ ጽፈውት አይቻለሁ፦ «አርማታ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል። እውነቱ የሚታወቀው ማለዳ ነው።» ጽሕፈታቸው ደቃቅና ቀጥ ያለ ነበር። ስርዝ ድልዝ አያውቁም።

የእኔ ሥራ ያንን በታይፕ መገልበጥ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያን ጊዜ በእጅ የተጻፈ ነገር እንደ ወረቀት አይቆጠርም ነበር። ወረቀት የሚሆነው በታይፕ ተገልብጦ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ከዚያ ወዲያ የእጅ ጽሑፉ ይቀደዳል። ደንባችን ይህ ነበር፤ የምትቀድደውም ታይፒስቷ ነበረች።

ጥፋቴ የተጀመረው በከተራ ዕለት ነው።

የስድስት ወሩ ሪፖርት ከበዓሉ በፊት መውጣት ነበረበት። የአቶ ደምሴ የታኅሣሥ ፖስታ ግን አልደረሰም። ለጥምቀት ያሰፋሁት ቀሚስ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ከእኔ ጎን የምትሠራው አልማዝ ነጠላዋን አጣፍታ በመስኮት ቁልቁል ታያለች።

«ጽጌ! ታቦቱ አንቺን ቆሞ የሚጠብቅ መሰለሽ እንዴ?»

«ያንድ ግድብ ቁጥር ጎደለኝ።»

«የዚያ የማርያም ወዳጅ? ያው ያንኑ አይደል በየወሩ የሚጽፈው! የኅዳሩን ድገሚለትና ውረጂ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ፣ እናቴ!»

አልማዝን አልወቅሳትም። እሷ ቀለደች፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። የኅዳሩን ቁጥር በታኅሣሥ ቦታ ደገምኩት። ኃላፊያችን ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ሪፖርቱ ሄደ። ቀሚሴን ለብሼ ደረጃውን ስወርድ የፖስታ አመላላሹ መንገድ ላይ አገኘኝና ፖስታውን ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። ቁጥሩ ተለውጧል። ለውጡ የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ተመልሼ ላርመው ብል ገጹን በሙሉ በሦስት ካርቦን እንደገና መተየብ፣ እንደገና ማስፈረም አለብኝ፤ ማኅተም ያዡ ደግሞ ቆልፎ ወጥቷል። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለስኩ፤ የተመለስኩት ግን ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ ለመቆለፍ ነው። እልል እያልኩ ጃንሜዳ ድረስ ሄድኩ። ቀሚሴን ሁሉም አደነቀልኝ።

ከበዓል በኋላ ልናገር አስቤ ነበር። ኃላፊያችን ግን ሪፖርቱን ይዘው እየሳቁ መጡ። «ይኸው ረጋ! አርማታ አንዴ ከደረቀ ወዲያ አያድግም ብያችሁ አልነበር?» አሉ። የዚያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ተግሣጽ ሰምቼ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልከፈትኩም። የጥር ወር ፖስታ ሲመጣ ቁጥሩ ትንሽ ጨምሯል። እውነቱን ብተይብ ካለፈው ጋር አይገጥምምና ለምን ዘለለ ብለው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ያንኑ ደገምኩት። የካቲትም ደገምኩት። አንዳንድ ጊዜ እንዳይታወቅብኝ ከራሴ ትንሽ ጨመርኩበት። አቶ ደምሴ በየማለዳው ብርድ ላይ ቆመው የሚለኩትን እኔ ፒያሳ ተቀምጬ ፈጠርኩት። ስንት ጊዜ? አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ለአንዱ ቀሚሴን ምክንያት ላደርግ እችላለሁ። ለአሥራ ስምንቱ ምን እላለሁ?

ደንቡ ቅደጂ ይል ነበር፤ እኔ እነዚያን አሥራ ዘጠኙን አልቀደድኩም። ለምን እንዳልቀደድኩ አላውቅም። በጎነት አድርጋችሁ አትቁጠሩልኝ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ከቁጥሩ ጋር ደብዳቤ መጣ፦ «የበሩ ብረት ግድግዳውን መንካት ጀምሯል። ክረምት ሳይገባ ባለሙያ ይላክልን።» ደጋግሜ አነበብኩት። ባለሙያ ከሄደ ይለካል፤ ከለካ የእኔ ቁጥር ውሸት መሆኑ ይታወቃል። ደብዳቤውን ከሌሎቹ ጋር ቆለፍኩበት። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ይከፋል። የፊተኞቹን ስደብቅ ምን እንደማስከትል አላውቅም ነበር። ይህንን ስደብቅ አውቅ ነበር።

ክረምት ገባ። ውሃው ሞላ፤ በሩ ግን አልከፈት አለ። ያበጠው አርማታ ግራና ቀኝ ይዞ ቆንጥጦታል። በስንት ጉልበት ተፈልቅቆ ሲከፈት ውሃው ባንድ ጊዜ ወረደና ከታች ያለውን የገበሬ ማሳ ጠራርጎ ሄደ። ሰው አልሞተም። ይህን የምጽፈው ስለሆነ ነው፤ እኔ ስላዳንኩት አይደለም።

አቶ ደምሴ ፒያሳ ተጠሩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። የሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ከኃላፊያችን ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። በታይፕ የተጻፈው ገጽ ተሰጣቸው።

«ይህ የእኔ ቁጥር አይደለም» አሉ።

«ከእጅ ጽሑፍዎ የተገለበጠ ነው።»

«እጅ ጽሑፌ የት አለ?»

«እንደ ደንቡ ተቀድዷል።»

የራሳቸው ደብተር ግድቡ ሥር ባለው መለኪያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ጎርፉ ወስዶታል። የቀረው ማስረጃ እኔ ጋ ነው፤ ከቆሙበት ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ቁልፉ ማተቤ ላይ ታስሮ። ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። «እህቴ፣ እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት?» አሉኝ።

«እንደተጻፈው ነው የገለበጥኩት» አልኩ።

ያልኩት ይህን ነው። ከዚያ በፊት ደብቄ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይናቸው እያየኝ ዋሸሁ። እሳቸው ገጹን አዩት፣ ማኅተሙን አዩት፣ ከዚያ ጣቶቻቸውን አዩ። «እንግዲያው ዓይኔ ይሆናል» አሉና ወጡ። በእንጨቱ ደረጃ ሲወርዱ እርምጃቸውን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ቸልተኛ ተብለው ከሥራ ተባረሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አየኋቸው። በአንዲት የመስታወት ሣጥን ጀርባ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ላይ ማጉያ አድርገው ሰዓት ይሠራሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ስድስት ኪሎ መሄድ ሲኖርብኝ በአራት ኪሎ እዞራለሁ። አንድ ጊዜ ባሌ የቆመ ሰዓቱን ወስዶ አሠራና «ድልድዩ ጋ ያለው ሰውዬ እጁ ወርቅ ነው» አለኝ። ያ ሰዓት ባሌ እስኪሞት ድረስ ራስጌያችን ላይ ሠራ። እኔም በየማታው እየሰማሁት ተኛሁ።

ዘመን ተለወጠ። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ ሄደ፤ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ለልማት ሲነሳ ብዙ ነገር ጣልኩ፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የባሌን መጻሕፍት። አሥራ ዘጠኙን ፖስታ ግን በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። አሁን ጊዮርጊስ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ።

የእህቴ ልጅ ሜሮን አምስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ምህንድስና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ማኪያቶ ትጋብዘኛለች። ባለፈው መስከረም ኬክ ቤት ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ አርማታ ያድጋል ብልዎ ያምናሉ?»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

«ጉዱ ያለው ከድንጋዩ ነው» አለች። «አንዳንድ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር አይስማማም። እርጥበት ሲያገኙ ከመካከላቸው የሚዝለገለግ ነገር ይወጣል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ አይተው የለ? ልክ እንደዚያ። ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። ቀስ ብሎ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። እኛ የምናጠናው ግድብ እንዲህ ነው የታመመው።»

የግድቡን ስም ነገረችኝ። እንደማውቀው አልነገርኳትም።

«መድኃኒት የለውም?»

«ማስቆም አይቻልም። ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። የአልማዝ ፈርጥ በተለበጠ መቁረጫ ሽቦ ከላይ ወደ ታች ቀጭን ክፍተት ይቆረጥለታል፤ የጠበበ ጫማ ጎኑን እንደመክፈት ይበሉት። በሩም ይስተካከላል። እንዲያ ተደርገው ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ግድቦች አሉ። ይሄኛው ግን የሚሆን አይመስልም።»

ለምን እንደማይሆን ጠየቅኳት። በአሮጌው መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ገደማ ጸጥ ያለ ቁጥር አለ፤ ከዚያ ባንዴ ትልቅ ዝላይ ይታያል። እንዲህ ተኝቶ ባንዴ የሚነሳ ግድብ መቼ እንደሚደግመው አይታወቅም። ስለዚህ ወጪ ከማባከን ውሃው ተለቆ ግድቡ ይተው የሚል ሐሳብ እያሸነፈ ነው። ሜሮን ይህን ስትነግረኝ አዝና ነበር። ከግድቡ በታች መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች እንዳሉ፣ የከተማዋ መብራት ከእሱ እንደሚመጣ ነገረችኝ።

ያ ዝላይ ግድቡ ላይ አልነበረም። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እዚያው አልነገርኳትም። አርባ ዓመት የለመደ አፍ ቶሎ አይከፈትም። ሂሳቡን ከፍላ ወጣን፤ እስከ ቤቴ በር ሸኘችኝ። ልትሄድ ስትዞር «ነይ ግቢ» አልኳት። ቦርሳውን አምጥቼ ፖስታዎቹን አልጋው ላይ ደረደርኩላት። የሠራሁትንም ሁሉ ነገርኳት። ጊዜ አልፈጀም። ይህን ያህል አጭር ነገር ነው አርባ ዓመት የተሸከምኩት።

ሜሮን ደግ ልጅ ናት፤ ልታድነኝ ፈለገች። «እትዬ፣ ከአሮጌ ፋይል መካከል ተገኘ ልንል እንችላለን። ማንም አይጠይቅም» አለች።

«አይሆንም» አልኳት። ያለ እኔ ስም ቢቀርብ አቶ ደምሴ ሁለት ዓይነት ቁጥር የጻፉ ሰው ይሆናሉ፤ ሁለተኛ ይባረራሉ ማለት ነው። እሷም ገባት።

በሳምንቱ ባለካሬ ወረቀት ይዛ መጣች። የእኔን ቁጥሮች በቀይ፣ የአቶ ደምሴን በሰማያዊ ነጠብጣብ አስቀምጣቸዋለች። ቀዩ ተኝቶ ተኝቶ ይዘላል። ሰማያዊው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ደህና ዳገት ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከእሱ በኋላ ከመጡት ልኬቶች ጋርም ሳይሰበር ይገጥማል። ወደ ቅርቡ ዓመታት ሲደርስ ዳገቱ እየቀለለ ይሄዳል። «እብጠቱ እየደከመው ነው» አለች ሜሮን። በጣቷ ሰማያዊውን መስመር እስከ ጫፉ ተከተለችው። «ዝላይ የለም እትዬ። ይሄ ሊቆረጥለት የሚችል ግድብ ነው።»

ደስ ለመሰኘት መብት ነበረኝ? ተደሰትኩ። እሱንም እናዘዛለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በአራት ኪሎ ሳልዞር በቀጥታ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ። አካባቢው ተለዋውጧል፤ እሳቸው ግን ጥግ ይዘው ያችኑ የመስታወት ሣጥን ይዘው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ሰዓት የማሠራ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ፖስታዎቹን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ። የገዛ ጽሕፈታቸውን ወዲያው አወቁት።

ቆሜ ነገርኳቸው። ማን እንደሆንኩ፣ ቀሚሱን፣ መሳቢያውን፣ የግንቦቱን ደብዳቤ፣ ያን ቀን የመለስኩትን። መንገደኛው ይገፋኛል፣ ታክሲው ይጮሃል፤ እሳቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ማጉያውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ልክ ነበርኩ ማለት ነው?»

«ልክ ነበሩ።»

«ሁሉም?»

«አሥራ ዘጠኙም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ስማቸው ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ሰዓት ሥራ የጀመርኩት ለምን ይመስልሻል? ዓይኔን ልፈትነው ብዬ ነው። ያኔ ዋሽቶኝ ከሆነ እዚህም ይዋሸኝ ይሆናል ብዬ። ይኸው እስከ ዛሬ ስፈትነው አለሁ።»

እንጀራቸውን እንደቀማኋቸው አውቅ ነበር። በገዛ ዓይናቸው ላይ የነበራቸውን እምነት እንደቀማኋቸው ግን እስከዚያች ቀን አላወቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ፖስታዎቹን አንድ በአንድ በቀናቸው ቅደም ተከተል አስተካከሉና ጠየቁኝ፦

«አሁን በስንት ሰዓት ነው የሚለኩት?»

«አላውቅም።»

«ለልጅቷ ንገሪያት። ፀሐይ ሳይነካው ይሁን።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የነገርሽኝን ደግሞ ጻፊው። በእጅሽ ጻፊው፤ በታይፕ አይሁን።»

ስለዚህ ይኸው በእጄ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ግልባጭ ከፖስታዎቹ ጋር አጥኚዎቹ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስሜም ፊርማዬም አለበት። አንዱን ለንስሐ አባቴ እወስዳለሁ።

ባለፈው ወር በሃያ አንድ ግድቡ ዘንድ ሄድን። አጥኚዎቹ አቶ ደምሴን ጋብዘዋቸው ነበር፤ እሳቸው «እሷም ትምጣ» አሉ። ዋዜማውን እዚያው አደርን። ጎህ ሲቀድ ሜሮን እጃቸውን ይዛ በግድቡ ሆድ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ገባን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን አርማታ ነካሁት። ይቀዘቅዛል። ስንጥቆቹ እንደ አሮጌ ሰው የእጅ ቆዳ መረብ ሠርተዋል። የነሐስ ሚስማሮቹ አረንጓዴ ሆነዋል፤ ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም። ከመግባታችን በፊት የሚቆረጥበት ቦታ በውጭ ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተሰምሮ አይተናል። ሥራው ከመጪው ክረምት በፊት ያልቃል አሉ።

ወጣቶቹ በማሽን ለኩ። አቶ ደምሴም ከኪሳቸው አሮጌ የብረት መለኪያ አወጡ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ለኩ። ሜሮን ልትጽፍ ብዕር ስታወጣ በእጃቸው ከለከሏትና ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት።

«ጻፊ» አሉኝ።

ቁጥሩን ነገሩኝ። ጻፍኩት። ጎንበስ ብለው በትከሻዬ ላይ አዩ፤ ጊዜ ወስደው ነው ያዩት። ማሽኑ ካለው ጋር አንድ ነበር።

«ልክ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ስንጥቅ አለፉ።

ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ እሱ የእሳቸው ነው፣ በጊዜያቸው ይስጡት ወይም ያስቀሩት። ላደረግኩት ምክንያት የለኝም። ቀሚስ ምክንያት አይሆንም፤ ፍርሃትም አይሆንም። ደብተሩን ይዤ ተከተልኳቸው። ገና ብዙ ስንጥቅ ይቀረን ነበር፤ ፀሐይም አልወጣችም።